ያለ ስፌት የሚሠራ የቤት መጋረጃ

በዚህ ገጽ ስለ ምንጭ ውኃ፣ ስለ ዘርና ስለ ክትባት ማንበብ ስለ ለመዳችሁ፣ ዛሬ ስለ መጋረጃ ስንጽፍ ትገረሙ ይሆናል። ነገር ግን በወግዲና በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ የአንድ ክፍል ቤት ምን እንደሚመስል የምታውቁ የፕሮጀክት ሠራተኞች ነገሩ ትንሽ እንዳልሆነ ትመሰክራላችሁ። ምድጃው፣ መደቡ፣ ጎታው፣ አንዳንዴም ጥጃውና ፍየሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። እናት ስትወልድ፣ ሰው ታሞ ሲተኛ፣ ልጃገረድ ልብስ ስትለውጥ መከለያ ያስፈልጋል።

ይህን መከለያ ቤተሰቡ ከየት ያመጣዋል? ብዙውን ጊዜ ከትከሻው ነው። ለአራስ የሚጋረደው የባሏ ጋቢ ወይም የራሷ ነጠላ ነው። ሌሊት ብርዱ ሲጠና ወይ መጋረጃው ይወርዳል፣ ወይ የጋቢው ባለቤት ሲንቀጠቀጥ ያድራል። እንግዲህ ይህን የምንጽፈው ጋቢው ወደ ትከሻ እንዲመለስ ነው።

መርፌና ክር ያላት፣ ጊዜም ያላት እናት ብትሰፋ መልካም ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ለመሄድ ግን የገበያ ቀን መጠበቅ፣ ለእጁም ዋጋ መክፈል ያስፈልጋል። መጋረጃ ደግሞ ስፌት የሚሻው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ጫፉ እንዳይተረተርና ራሱ ዘንግ ወይም ገመድ እንዲይዝ ነው። ሁለቱንም ያለ መርፌ መፈጸም ይቻላል። የመጀመሪያውንማ ነጠላ የምትቋጭ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።

ሸማኔ የሠራው ጨርቅ ሁለት ጎኑ ዝግ ነው። ማጉ ጠርዝ ላይ ደርሶ ተመልሶ ስለሚገባ በጎን በኩል አይተረተርም። የሚተረተረው የተቆረጠው ጫፍ ነው። አቡጀዲም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ጨርቁን በቁመቱ አትቅደዱት፤ እንዳለ በሙሉ ወርዱ ስቀሉት። የእጅ ሸማ ወርዱ ከአንድ ሜትር በታች ስለሆነ ለሰፊ ቦታ ሁለት ጨርቅ ጎን ለጎን መስቀል ይሻላል፤ መሐሉም ለመግቢያና ለመውጫ ይጠቅማል። የተቆረጠውን የታች ጫፍ ደግሞ አራት ጣት ያህል ማጉን አንድ በአንድ እየመዘዛችሁ አውጡና የቀረውን ድር እንደ ነጠላ ዘርፍ ቋጩት። ይህን ሙያ ለማያውቁ የከተማ አንባቢዎቻችን እንግለጽላቸው። የምትቋጨው ሴት ሁለት ቁንጥር ድር ለየብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ ታከራለች፤ ከዚያ ሁለቱን አጋጥማ ወደ ተቃራኒው ትጠመዝዛለች። አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላውን ስለሚያጠብቀው ዘርፉ ተያይዞ ይቀራል፤ ጫፉ ላይ አንድ ቋጠሮ ይበቃዋል።

ከመለካት በፊት ጨርቁን ነክራችሁ አድርቁት። ጥጥ፣ ይልቁንም በእጅ የተፈተለው፣ ሲታጠብ ይሰበሰባልና ዛሬ ልክ የነበረው ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ሊያጥር ይችላል። ሜትር ከሌለ ክንድና ስንዝር በቂ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግን የአንድ ሰው ክንድ ይሁን። ወርዱ የመስኮቱን አንድ ተኩል ያህል ቢሆን ሲዘጋ እጥፋት ይኖረዋል፤ ጨርቅ ካነሰ ትክክሉም ያገለግላል። ለመስኮት ከታች አንድ ስንዝር ይረፍ። ለመደብ ወይም ለበር የሚሆነው ግን ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ መሬት የሚጠርግ መጋረጃ እበትና ቁንጫ ይሰበስባል።

ለመስቀያ የተላጠ የባሕር ዛፍ ዘንግ ወይም ሸምበቆ ይበቃል። በጭቃ ግድግዳው ላይ ከምሰሶዎቹ ጋር ሁለት ትንንሽ ባላ አስራችሁ ዘንጉን ጣሉበት፤ ለእጥበት ማውረዱ እንዲቀል በሚስማር አትምቱት። ጨርቁ ረጅም ከሆነ ዘንጉ ላይ አጥፎ መጣል ብቻ በቂ ነው። አሮጌ አንሶላ ከሆነና ራስጌው ላይ ሰፊ እጥፍ ካለው የእጥፉን ሁለት ጫፍ ፈትታችሁ ዘንጉን አሳልፉበት። ይህ ሁሉ ከሌለ ጠጠር አለ። የላይኛውን ጫፍ አራት ጣት እጠፉት፤ በየስንዝሩ አንድ ድቡልቡል ጠጠር በእጥፉ ጠቅልላችሁ ከሥሩ አንገቱን በሲባጎ ወይም በቃጫ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ የተረፈውንም ገመድ ዘንጉ ላይ ቀለበት አድርጉት። ጨርቁ ሳይበሳ፣ ሳይሰፋ ይንጠለጠላል። ለነገሩ በዘጸአት ምዕራፍ 26 የተነገረላቸው የማደሪያው መጋረጆችም የተጋጠሙት በአምሳ አምሳ ቀለበትና በአምሳ የወርቅ መያዣ ነበር፤ ጠጠራችን ርካሽ ነው እንጂ አሠራሩ እንግዳ አይደለም።

በዱቄት ማጣበቂያ የሚያጣብቁ አሉ። አንመክረውም፤ ውኃ ሲነካው ይለቃል፣ አይጥም ይወደዋል። የማዳበሪያ ከረጢትም ርካሽ ቢሆን ከምድጃና ከኩራዝ አጠገብ አይሰቀል፤ ሲቀጣጠል ቀልጦ በገላ ላይ ይጣበቃል። ጥጥም ቢሆን ይነዳልና ነፋስ ቢያወዛውዘው እንኳ እሳት በማይደርስበት ርቀት ይሁን።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው ስለ አጎበር ነው። ወግዲ ደጋ ብቻ አይደለም፤ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ቆላ ነው። በአገራችን ከ2000 ሜትር ከፍታ በታች ያለ ቦታ ለወባ የተጋለጠ ተብሎ ይቆጠራል። አጎበር ቀጭንና ነጭ ስለሆነ ለመስኮት ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን የተነከረበት መድኃኒት የሚጠብቀው በሥሩ የተኛውን ሰው ነው። አንድ አጎበር ለመስኮት ሲቀደድ አንድ እናትና ልጅዋ ያለ መከላከያ ይተኛሉ።

መጋረጃ ቀን ቀን ተሰብስቦ ይታሰር፤ የጢስ መውጫ የሆነውን መስኮት ግን ከነጭራሹ አይሸፍን። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ያሳያል። ሳል የያዘው ሰው በሚተኛበት ቤትም አየር መመላለስ አለበት፤ የሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በታፈነ ቤት ነውና። የበር መጋረጃ ዝንብ ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ትራኮማን የምታዛምተው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ስለሆነ የመጸዳጃ ጉድጓድንና የልጆችን ፊት መታጠብ አይተካም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የቤት ንጽሕናን ከትምህርቶቹ አንዱ ስላደረገ፣ ሠራተኞቻችን ይህን ሲያሳዩ ከቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ቢሆን ይመረጣል።

ጨርቅ ለመላክ የምታስቡ ማኅበረ ምእመናን ተሰፍቶ ያለቀ መጋረጃ አትላኩ፤ መስኮቱ በአንዱ ቤት አንድ ክንድ፣ በሌላው ሁለት ክንድ ነው። ያልተቆረጠ የጥጥ ጨርቅ፣ ያላለቀ አንሶላና ሲባጎ ይጠቅማል። የገንዘብ ስጦታ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይሠራል፤ በዚያው በአካባቢው ካለ ሸማኔ ይገዛበታል፤ የእርሱ ጨርቅ ሁለት ጎኑ ዝግ ሆኖ ይመጣልና።