አሚንን አትሸምድዱት፤ ጥንዷን ተከተሏት



ትናንት ማታ አንዲት ተማሪ በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ቲቸር፣ የአሚን ሪአክሽኖችን በሙሉ ሸምድጃለሁ፤ ጥያቄው ትንሽ ሲገለበጥ ግን ሁሉም ይጠፋኛል።» ጭንቀቷን አውቀዋለሁ፤ እኔም በእሷ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። ስለዚህ ዛሬ ያለ ሽምደዳ እንሂድ።

ናይትሮጅን በውጭኛው ሼል 5 ኤሌክትሮኖች አሉት። 3ቱን ለቦንድ ያውላቸዋል፤ 2ቱ ሳይታሰሩ ይቀራሉ። የአሚን ታሪክ በሙሉ የዚህች ነፃ ጥንድ ታሪክ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ወጥመድ። ከአሞኒያ ሃይድሮጅኖች አንዱ በካርቦን ቡድን ሲተካ ፕራይመሪ፣ ሁለቱ ሲተኩ ሰከንደሪ፣ ሦስቱም ሲተኩ ተርሸሪ አሚን ይሆናል። አልኮል ላይ የምናየው ኦኤች የተሸከመውን ካርቦን ነው፤ አሚን ላይ ግን ናይትሮጅኑን የነኩትን ካርቦኖች እንቆጥራለን። ስለዚህ ተርት-ቡቲል አልኮል ተርሸሪ ሲሆን ተርት-ቡቲል አሚን ፕራይመሪ ነው።

🔹 ጥንዷ ፕሮቶን ትቀበላለች
የቆየ ዓሣ፣ በተለይ የባሕር ዓሣ፣ የሚሸተው በትራይሜቲል አሚን ነው። ይህ አሚን 3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ወዲያው ተንኖ አፍንጫ ይደርሳል። ሎሚ ሲጨመቅበት ሲትሪክ አሲዱ ፕሮቶን ይሰጣል፤ ጥንዷ ትቀበለዋለች፤ አሚኑም ቻርጅ ያለው ጨው ይሆናል። ጨው አይተንም፤ በውሃ ታጥቦ ይሄዳል። እናቴ ዓሣ በሎሚ ስታሽ ያየሁትን ነገር የተረዳሁት ይህን ስማር ነው። የሲፕሮፍሎክሳሲን እሽግ ላይ «ሃይድሮክሎራይድ» የሚለውም ቃል ያው ነው፦ መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ በደንብ እንዲሟሟ አሚኑ ጨው ተደርጓል።

🔹 ጥንዷ ስትያዝ ቤዝነቱ ይደክማል
አኒሊን ላይ ጥንዷ ወደ ቤንዚን ቀለበቱ ስለምትሳብ ፕሮቶን ለመቀበል እንደ ልብ አትገኝም። ሜቲል አሚን ከአኒሊን አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል የበረታ ቤዝ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

🔹 ጥንዷ ካርቦንንም ታጠቃለች
ከአልኪል ሃላይድ ጋር ስትገናኝ አዲስ ቦንድ ትፈጥራለች። የሚገኘው አሚንም ነፃ ጥንድ ስላለው ማጥቃቱ ይቀጥላል፤ ፕራይመሪው ሰከንደሪ፣ ከዚያም ተርሸሪ፣ በመጨረሻም አራት ካርቦን የተሸከመ የአሞኒየም ጨው ይሆናል። እዚያ ጥንዷ አልቃለች፤ ሪአክሽኑም ይቆማል። ከአሲድ ክሎራይድ ጋር ግን አንዴ አማይድ ከሆነ በኋላ አይቀጥልም፤ የጎረቤቱ ካርቦኒል ጥንዷን ወደ ራሱ ይስባታላ! አማይድ ቤዝ ነው የማንለውም ለዚሁ ነው።

አያችሁ? ሦስት ምዕራፍ የመሰለን ነገር አንድ ጥያቄ ነው፦ ጥንዷ አሁን የት ናት? ነፃ ናት ወይስ ተይዛለች?

አሁን ተራው የእናንተ ነው። አኒሊንና ቶሉዊን ተቀላቅለውብናል። ያለን በውሃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና መለያ ፈነል ብቻ ነው። እንዴት ትለያዩአቸዋላችሁ? ከመመለሳችሁ በፊት ጥንዷን ፈልጓት። መልሳችሁን ጻፉልኝ፤ እያንዳንዱን አነበዋለሁ።