በስስ አየር ውስጥ ነርስ መሆን

የአርሲ ደጋ አየር በተነሣ ቁጥር ወሬው ወደ ሩጫ ማዘንበሉ የተለመደ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ደግሞ በበቆጂና በአካባቢዋ በመወለዳቸው፣ ስስ አየር የሰውነትን አቅም እንዴት እንደሚያጎለብት ብዙ ተጽፏል። ያው አየር በሆስፒታል ለሚሠሩ ነርሶች ምን እንደሚያስከትል ግን እምብዛም አይነገርም። አሰላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ነርሶች የሚማሩባቸው መጻሕፍት ግን በአብዛኛው የተጻፉት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ለሚኖር ሰው በመሆኑ፣ በመጽሐፉ የሰፈረው ቁጥርና በዎርዱ የሚታየው ቁጥር አንዳንድ ጊዜ አይገጥሙም።

ከመሣሪያ ማምከኛ ክፍሉ እንጀምር። በአሰላ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በደጋ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አለመብሰሉ ከዚሁ የሚመጣ ነው፤ ይህንን እናቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል። መቀስና መቆንጠጫ ቀቅሎ ንጹሕ ሆኗል ማለት በቆላም ቢሆን አያስተማምንም፤ የቴታነስን ባክቴሪያ የመሳሰሉ ተሐዋስያን የሚፈጥሩት ስፖር የፈላ ውሃን ይቋቋማልና። አውቶክሌቭ የተባለው መሣሪያ እንፋሎትን በግፊት አምቆ ሙቀቱን ወደ 121 ዲግሪ የሚያደርሰው ለዚህ ነው።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ትምህርት መለኪያው 15 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች ሲያሳይ ሙቀቱ 121 ዲግሪ ደርሷል ይላል። ይሁንና መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ግፊት ብቻ ነው። የውጭው አየር ራሱ ከሳሳ፣ በአሰላ 15 ፓውንድ የሚሰጠው ሙቀት 117 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በየ1,000 ጫማ ከፍታ ግማሽ ፓውንድ መጨመር የሚለው ደንብ ለአሰላ ሲሰላ መለኪያው ወደ 19 ፓውንድ መድረስ ይኖርበታል። ሙቀቱን በቀጥታ የሚለካ ዘመናዊ ማሽን ይህን ራሱ ያስተካክላል፤ በምድጃ ላይ የሚጣደው ዓይነት ግን የሰው ዕውቀት ይጠብቃል። እርግጥ ማሽኑ ከተሠራበት ጣሪያ በላይ ግፊት መጨመር አደገኛ ስለሆነ፣ አስቀድሞ መመሪያውን ማንበብና የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያን ማማከር ግድ ነው። በጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ቀለም ቀያሪ ቴፕም ዕቃው በማሽን ማለፉን እንጂ መምከኑን አያረጋግጥም።

ወደ ሕፃናት ዎርድ ስንሻገር በጣት ላይ የሚቆነጠጠውን የኦክስጅን መለኪያ እናገኛለን። ይህ መሣሪያ ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ፣ ከደሙ ሄሞግሎቢን ምን ያህሉ ኦክስጅን እንደ ተሸከመ ያሰላል። በቆላ ከ95 በመቶ በታች ያለ ንባብ የሚያጠራጥር ሲሆን፣ በአሰላ ከፍታ ጤነኛ ሰው 93 ወይም 94 ቢሆን አያስገርምም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እስከ 2,500 ሜትር ለሚኖሩ ሕፃናት ከ90 በመቶ በታች ሲሆን ኦክስጅን እንዲሰጥ፣ ከዚያ በላይ ለሚኖሩት ግን 87 እና ከዚያ በታች እንደ መነሻ ሊወሰድ እንደሚችል አመልክቷል። አሰላ ከዚህ መስመር ጥቂት ዝቅ ብላ ትገኛለች፤ ከጭላሎ ጎን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የወረደው ሕፃን ግን ከመስመሩ በላይ የሚኖር ሊሆን ይችላል። እሱ የሚለካው አሰላ ላይ፣ የአሰላን አየር እየተነፈሰ ነውና ዝቅተኛ ንባቡን «ደገኛ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

በዚህ ነጥብ ላይ የአገራችን ሳይንስ ራሱ ያስጠነቅቃል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ3,530 ሜትር የሚኖሩ የአማራ ደገኞች የደም ኦክስጅን መጠን በአማካይ 95 በመቶ መሆኑን አሳይቶ ብዙዎችን አስደንቋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በከፍታ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ከአማራ ደገኞች የላቀ ሄሞግሎቢን እንዳላቸው አመለከተ። ደገኛ ሁሉ አንድ አይደለም ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ ስሕተትን የሚያመጣው የአርሲ ጠዋት ብርድ ነው፤ ጣት ሲቀዘቅዝ ደም ስለሚሸሽ መሣሪያው የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል ወይም ጨርሶ አያነብም። የሕፃኑን እጅ በመዳፍ ይዞ ማሞቅና የሚታየው የልብ ምት በእጅ ከተቆጠረው ጋር መግጠሙን ማየት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ብርዱ የሚያመጣው ሌላም ነገር አለ። ሰው ልብስ ደርቦ በጠባብ ቤት ሲተፋፈግ ቅማል ይራባል፤ በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት፣ በተለምዶ ግርሻ የምንለው፣ ይከተላል። በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአሰላ ሆስፒታል የታከሙ 389 የግርሻ ሕሙማንን መዝግቧል። የዚህ በሽታ አስቸጋሪ ሰዓት የሚመጣው መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ነው። ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያዎቹን በገፍ ሲገድል፣ በአንድና ሁለት ሰዓት ውስጥ ሕመምተኛው በብርቱ ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ያሻቅባል፤ ቀጥሎ በላብ ይዘፈቃል፤ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። ቤተሰብ «መርፌው ገደለው» ብሎ የሚደነግጠው በዚህ ጊዜ ነው። ሐኪሙ ትእዛዙን ጽፎ ወደ ሌላ ዎርድ ሄዷል፤ ከአልጋው ዘንድ ያለችው ነርሷ ናት። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ግፊትና ትኩሳትን ቶሎ ቶሎ መለካት፣ ሕመምተኛው በድንገት ተነሥቶ እንዳይወድቅ መጠበቅ የእርሷ ድርሻ ነው። ለአስታማሚዎቹም የሚመጣውን ነገር ከመርፌው በፊት፣ በሚገባቸው ቋንቋ መንገር ያስፈልጋል። በአርሲ ኦሮምኛ ማወቅ እንደ አንድ የሙያ ችሎታ መቆጠር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሌሊት ተረኝነት ጥቂት እንበል። የሰው የሰውነት ሙቀትና ንቃት ዝቅ የሚለው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ የመድኃኒት መጠን ስሌትን በዚያ ሰዓት ከባልደረባ ጋር ደግሞ ማየት ያዋጣል። የቡና ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ቡናው በተረኝነቱ መጀመሪያ ቢጠጣ ጠዋት የሚተኙትን እንቅልፍ አይሻማም።

ብዙ ወጣት ነርሶች ወደ አዲስ አበባ የሚዛወሩበትን ቀን ይቆጥራሉ። ፍላጎቱ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም አሰላ ያለው ሆስፒታል የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ በመሆኑ፣ በዚያ የሚሠራ ነርስ ከሕክምና ተማሪዎችና ከተመራማሪዎች ጎን የመቆም ዕድል አለው። በጽኑ ሕክምና፣ በጨቅላ ሕፃናት ወይም በቀዶ ሕክምና ነርስነት ሙያውን ማሳደግ የሚሻ ሰው፣ ለመግቢያ ፈተናውም ሆነ ለቃለ መጠይቁ የሚጠቅመውን ስንቅ ከዎርዱ መዝገብ ሊሰበስብ ይችላል። ለዚህም የኦክስጅን ንባብ ሲመዘገብ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ሰዓቱ፣ ሕፃኑ የመጣበት ቀበሌ፣ እጁ ሞቆ እንደ ነበረና ሲለካ ኦክስጅን ተደርጎለት እንደሆነ ከጎኑ ይጻፍ።