መርካቶ ከመኪና ውስጥ አይታይም



በቦሌ አውሮፕላን ጣቢያ የሚወርደው የውጭ አገር ሰው ሁሉ አዲስ አበባን ብሎ የመጣ አይደለም። ብዙው ከአንዱ አውሮፕላን ወርዶ ሌላውን እስኪሳፈር ጥቂት ሰዓት የሚቆይ መንገደኛ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ከተማውን ለማየት የፈለገው ወደ መርካቶ ሲወሰድ፣ ብዙውን ጊዜ የመኪናው መስኮት እንደ ተዘጋ ዞሮ ይመለሳል፤ «ኪስዎን ይጠብቁ» ከሚለው ምክር በቀር የሚነገረው ነገር ጥቂት ነው። እኔ እንዲህ ያሉ እንግዶችን በእግር ይዤ ስለ ዞርሁ፣ የታዘብሁትን ለአንባቢያን ለማካፈል ወደድሁ።

መርካቶ በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። የከተማው ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጠላት አገራችንን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘበት ዘመን አገሬውን ከአውሮፓውያን ለመለየት ሲል ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወረው። ጠላት ቢወጣም ስሙ ቀረ። ይሁን እንጂ ለመለያየት የታሰበው ሥፍራ የሁሉ መገናኛ ሆነ፤ የታላቁ አንዋር መስጊድ አዛንና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ በአንድ ገበያተኛ ጆሮ ይሰማሉ። ይህን በእግር ያልሄደ ሰው እንዴት ያስተውለዋል?

ለእንግዳ ከሁሉ የሚያስደንቀው ምን አለሽ ተራ ነው። ቆራሌው በየሰፈሩ እየተጣራ የሰበሰበው አሮጌ ብረትና ቆርቆሮ እዚህ ይገባል። ያረጀው ጎማ በረባሶ፣ የበርሜሉ ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ሆኖ ይወጣል፤ የጎበጠው ምስማር እንኳ ተቃንቶ ይሸጣል። አንዲት እንግዳ አንድ ሽማግሌ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ ቆማ ስታይ ጊዜውን ረስታው፣ አውሮፕላኑ እንዳያመልጣት ሰዓቴን እያሳየሁ አጣደፍኋት።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ለዘለዓለም እንደዚሁ አይቆይም። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣው እሳት የስንት ዘመን ድካም በአንድ ሌሊት እንደሚጠፋ አሳይቶናል። ፎቅም በተሠራ ቁጥር ነጋዴው ወደ ላይ ይወጣል፤ የተራው ስም ግን በአፍ ብቻ የሚነገር ስለ ሆነ አብሮት ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ በየተራው መግቢያ ስሙንና ሙያውን የሚገልጽ ሰሌዳ ቢተከል፤ የሰፈሩ ወጣቶችም ሠልጥነው፣ መታወቂያ ተሰጥቷቸው፣ በተወሰነ ዋጋ እንግዳ ቢያዞሩ መልካም ነው። እንግዳው ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ እንዳያነሣ ይነገረው፤ እኛም «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያልን አንከተለው፣ ዋጋም አናጥፍበት። እሑድ አብዛኛው ሱቅ ስለሚዘጋ በሌላው ቀን ጠዋት መሄድ ይሻላል።

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼም ለስብሰባ የመጣ እንግዳ ሲኖራቸው ከመኪናው አውርደው አንድ ሰዓት ያህል ቢያስጎበኙት፣ ከብዙ ንግግር ይልቅ ያገሩን ሰው ያስተዋውቁታል። እንግዳን ከደጅ መልሶ «ቤቴን አየ» ማለት ያገራችን ወግ አይደለምና፣ የሚመለከታቸው ሁሉ እንዲያስቡበት በትሕትና አሳስባለሁ።

ከመርካቶ ወዳጆች አንዱ
አዲስ ከተማ