ከቀብር በኋላ የተመዘገበ ወጪ

በአሜሪካ የሟች ሒሳብ ሲጣራ ከሚነሡት ክሶች ሁሉ «በሞተ ሰው ክሬዲት ካርድ ተጠቅመሃል» የሚለውን ያህል ቤተሰብን የሚያሳምም የለም። ማስረጃው ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ የሒሳብ መግለጫ ነው፤ ከሞት ቀን በኋላ የሰፈረ ወጪ ይታይበታል። ቀኑ ግን ካርዱ በማን እጅ እንደነበር አይናገርም። የሆቴል ሒሳብ ከአገልግሎቱ ቀናት ዘግይቶ ሊመዘገብ ይችላል። የስልክና የመድን ክፍያም ሟቹ በሕይወት ሳለ በሰጠው ፈቃድ በየወሩ ይቆረጣል። ማሽን ለቅሶ አይደርስም፤ አቁም እስኪባል ይቆርጣል።

የሚከብደው ልጅ «ተጨማሪ ተጠቃሚ» ተብሎ ስሙ በታተመበት ካርድ ሲከፍል ነው። ካርዱ የእሱ ይመስለዋል፤ ሒሳቡ ግን የአባቱ ነው፤ የመጠቀም ፈቃዱም በአባቱ ሞት ያበቃል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ውክልና በመርሕ ደረጃ በወካዩ ሞት ይቋረጣል። ስለዚህ ለሬሳ ሣጥንም ሆነ ለዐርባ ተዝካር በዚያ ካርድ መክፈል ስሕተት ነው፤ ይህን ማለባበስ አይገባም። በከፈለው ገንዘብም ሊጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ማጭበርበር የሚባለው አውቆና ለማታለል አስቦ የተደረገው ነው። በገዛ ስሙ ፈርሞ ለቀብር የከፈለ ሰው ማንነቱን አልደበቀም፤ ከቀኑ ይልቅ መመዘን ያለበትም ይህ ነው። ሞቱን ለባንኩ ማን፣ መቼ እንዳሳወቀም እንዲሁ።

«በሟች ስም የሚዘርፉ አሉ፤ ባንኩ ምን ያድርግ?» ይባላል። አሉ፤ ዘመዶችም አሉባቸው። ባንኩ ካርዱን መዝጋትና መጠየቅ መብቱ ነው። ጥርጣሬ ለመጠየቅ ይበቃል፤ ዕዳ ለማሸከም ግን አይበቃም። በአሜሪካ የሟች የካርድ ዕዳ በመርሕ የሚከፈለው ከውርሱ ነው፤ ልጅ ልጅ በመሆኑ ብቻ አይከፍልም። የሚጠየቀው አብሮ የፈረመ የጋራ ባለዕዳ ነው፤ እንደ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ባሉ ግዛቶች የትዳር ጓደኛም ሊጠየቅ ይችላል።

«ስም ከሚጠፋ ከፍሎ መገላገል» የሚለው ምክር ከባህላችን ይመነጫል፤ የሟችን ዕዳ መክፈል ክብር ነውና። ሆኖም መክፈል ጥርጣሬውን አይፍቀውም። ውርሱ ከዕዳው ካነሰ ደግሞ አንዱን አበዳሪ ያለ ተራው ማስቀደም የውርስ አጣሪውን ሊያስጠይቅ ይችላል። የጠየቃችሁ ዕዳ ሰብሳቢ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የዕዳው ማስታወቂያ ከደረሳችሁ በኋላ የ30 ቀን ዕድል ይሰጣችኋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወማችሁ ማረጋገጫ እስኪያቀርብ መሰብሰቡን ማቆም አለበት። እባካችሁ በስልክ አትሟገቱ፤ የእያንዳንዱን ወጪ ቀን፣ ቦታና የአከፋፈል መንገድ በደብዳቤ ጠይቁ፣ የሞት ምስክር ወረቀቱን ቅጂ አያይዙ፣ የላካችሁበትን ደረሰኝም አስቀምጡ።