በጠበቃ ላይ የሚፈርደው ማን ነው? የኦስሎው ጉባኤ እና የገለልተኝነት ጥያቄ

ጠበቃ ከልክ ያለፈ ክፍያ ቢጠይቅ ወይም በአደራ የተነገረውን ምሥጢር ቢያወጣ፣ ደንበኛው አቤት የሚለው ወዴት ነው? በኖርዌይ መልሱ ኦስሎ የሚገኘው የጠበቆች ጉዳይ ጉባኤ ነው።

ጉባኤው ሥራ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 2025፣ በ2022 የወጣው የጥብቅና ሕግ ተፈጻሚ ሲሆን ነው። ቀደም ሲል በርካታ አቤቱታዎችን በመጀመሪያ ደረጃ ያዩ የነበሩት በ1908 የተመሠረተው የጠበቆች ማኅበር የዲሲፕሊን ኮሚቴዎች ነበሩ። ባለሙያ በሙያ ባልደረባው ላይ ሲፈርድ ባለጉዳዩ ፍርዱን ያምነዋልን? ውሳኔው ከማኅበሩ ነጻ ለሆነ አካል መሰጠቱ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጉባኤ አባል ሸክሙ ከባድ ነው። በአንድ ወገን ተበደልሁ የሚል ሰው፣ በሌላው ወገን ዕድሜ ልክ የተገነባ ስምና እንጀራ አለ፤ ቅጣቱ ፈቃድ እስከ መነጠቅ ሊደርስ ይችላልና። ስለዚህ ከተከራካሪ ጋር ዝምድና ወይም የጥቅም ትስስር ያለው አባል ከጉዳዩ ይነሣል፤ ሁለቱም ወገኖች ይሰማሉ፤ ውሳኔውም ምክንያቱ ተዘርዝሮ በጽሑፍ ይሰጣል። ቅር የተሰኘ ጉዳዩን ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላል።

ጥያቄው ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን ሲያቋቁም፣ ሙያው ራሱን ምን ያህል ያስተዳድር የሚለውን ጉዳይ አብሮ አንሥቷል። ሙያን የሚያውቁት ባለሙያዎች ናቸው፤ በደሉን የሚያውቀው ግን ባለጉዳዩ ነው።