ማዳበሪያ በማሳው ልክ

ፕሪሲዥን አግሪካልቸር ለእያንዳንዱ የማሳ ክፍል የሚያስፈልገውን ግብዓት በሚያስፈልገው መጠንና ጊዜ የማድረስ አሠራር ነው። ሰፋፊ እርሻ ባላቸው አገሮች ሥራው በሳተላይት ከሚመሩ ማሽኖች ጋር ተያይዟል። ቁርጥራጭ መሬት በበሬ በሚታረስበት የኢትዮጵያ ደጋ ግን የሚጀምረው አፈሩን ከማወቅ ነው።

የማዳበሪያ ምክሩ ለብዙ ዓመታት ለሁሉም አንድ ነበር፤ ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ። ሁለቱ የሚሰጡት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ብቻ በመሆኑ ሌላ ንጥረ ነገር የጎደለው መሬት ጉድለቱ ሳይሞላለት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ኢትዮሲስ የተባለ ፕሮጀክት የአፈር ለምነት ካርታ ሲያዘጋጅ የሰልፈር፣ የቦሮንና የዚንክ እጥረት በሰፊው ታየ፤ ዳፕም ሰልፈር ባለው ኤንፒኤስ ተተካ። እርምጃው ትልቅ ነው። የወረዳ ካርታ ግን የአንድን ማሳ ገመና አያሳይም።

በደጋው የተካሄዱ ሙከራዎች ስንዴ ለማዳበሪያ የሚሰጠው ምላሽ ከግርጌ ወደ ዳገቱ ሲወጣ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የዳገቱ አፈር በጎርፍ ታጥቦ ስለሳሳ ውሃም ንጥረ ነገርም አይይዝም። እዚያ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእርከንና ለኮምፖስት እንጂ ለተጨማሪ ዩሪያ አይደለም። ገበሬው ልዩነቱን ከአፈሩ ቀለምና ከቡቃያው ያውቀዋል፤ ስለዚህ ለምርመራ የአፈር ናሙና ከመወሰዱ በፊት ማሳውን መከፋፈል ያለበት ባለቤቱ ነው።

ናሙና ሲወሰድ የተሠራ ስህተት በላቦራቶሪ አይቃናም። እበት ከተከመረበት፣ ከዛፍ ሥርና ከምስጥ ኩይሳ ተርቆ፣ ከየክፍሉ ብዙ ቦታ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ የወጣው አፈር በሚገባ ይደባለቃል። የእያንዳንዱ ክፍል ናሙናም ለብቻው ይያዛል።

ውጤቱ ፒኤች ከ5.5 በታች ካሳየ ከማዳበሪያ በፊት ኖራ ይታሰባል። እንዲህ ባለ አሲዳማ አፈር አሉሚኒየም ሟሙቶ ሥሩን ይጎዳል፤ የተጨመረውን ፎስፈረስም አስሮ ይይዘዋል። ኖራው በቶን የሚለካ በመሆኑ መንገድ በሌለበት ቀበሌ ማጓጓዙ ከባዱ ሥራ ነው፤ በጀት ሲያዝ መጀመሪያ መታየት ያለበትም ይኸው ነው።

አሠራሩን ለማስፋፋት ከስብሰባ ይልቅ የገበሬው የራሱ ማሳ ይሻላል። አንዱ መደብ ያለ ማዳበሪያ፣ ሁለተኛው በነባሩ መጠን፣ ሦስተኛው በአፈር ምርመራው ውጤት መሠረት ይዘራል። በመኸር ምርቱ በየመደቡ ተወቅቶ ጎረቤት ባለበት ይመዘናል፤ የማዳበሪያው ወጪም ከየመደቡ ገቢ ላይ ተቀንሶ ይነጻጸራል።