የእርግብ ባለቤት

አማርኛ «ባለቤት» በሚል አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ይጠራል። የበሬው ባለቤት ገዝቶ ያመጣው፣ የሚቀልበው፣ ሲቸግረው ገበያ የሚያወጣው ሰው ነው። «ባለቤቴ» የተባለው ደግሞ የትዳር ጓደኛ ነው። በሬን ይህ ልዩነት አያስጨንቀውም፤ ውሻም ጌታውን ጌታ ብሎ ጭራውን እየቆላ ይኖራል። እርግብ ግን የመጀመሪያውን ትርጉም አታውቀውም። ቤቱ አስገብቶ ለብቻዋ ያኖራት ሰው «እኔ ቀላቢ ነኝ» ሲል፣ እሷ ዘንድ ባል ሆኖ ወይም ሚስት ሆኖ ያርፈዋል።

ከሚሴ ላይ ነገሩ በኦሮምኛም ይሠራል። ባል «አባ መና» ነው፣ ቃል በቃል ሲፈታ የቤት አባት፤ ሚስት «ሃዸ መና»፣ የቤት እናት። «ጉጌ» የሚሏት ወፍም ትዳሯንና ቤቷን ለይታ አታውቅም። ጎጆ የሌለው ወንድ ሚስት አያገኝም፤ ጥንድ የሌላት ሴትም ጎጆ አትሠራም።

የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሚሴ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው የሚያገኟት፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ሞቃት ከተማ ናት። ቦርከና በአቅራቢያዋ የጨፋን ረግረግ እያጠጣ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በበጋ የአፋር ከብት ሳይቀር ሣር ፍለጋ የሚመጣበት ይህ ሜዳ የውኃ ወፎችም መናኸሪያ ነው። ዙሪያው የማሽላ፣ የጤፍና የማሾ አገር ነው፤ ማሽላና ማሾ ባለበት ደግሞ የእርግብ ወገን አይጠፋም። ግቢ ውስጥ ፍርፋሪ የምትለቅመው ትንሿ፣ ደረቷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ዋኖስ ናት። ገደልና ጣሪያ የምትወደዋ ትልቋ ዓይኗ ዙሪያውን ቀይ ነው፤ ክንፏ ላይ ነጭ ጠብታ የተረጨባት ትመስላለች። ወደ ደጋው ሲወጣ ደግሞ አንገቷ ላይ ነጭ ሻሽ ያሰረች የምትመስል፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች ውጭ በየትም የማትገኝ እርግብ አለች።

ዋርካና ሾላ ላይ የምትውለውን አረንጓዴዋን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስሟን «ዋልያ» ብሎ ጻፈ፤ የሳይንስ መጠሪያዋም «ትሬሮን ዋልያ» ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ዋልያ ሲባል ለእኛ የስሜን ተራራ ፍየል ወይም ብሔራዊ ቡድናችን ቢታየንም፣ ለወፍ አጥኚዎች እርግብም ናት።

እነዚህ ሁሉ የዱር ናቸው፤ አምጥቶ ቤት መዝጋት ግፍ ነው። ከሰው ጋር የምትኖረዋ የሌላ ዘር ናት፦ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት መካከለኛው ምሥራቅ አካባቢ ከዓለት እርግብ የተገኘችው፣ ነጭም ግራጫም ዥጉርጉርም የምትሆነዋ። በከተሞቻችን ልጆች የጣውላ ሣጥን ወይም ካርቶን ጣሪያ ሥር እየሰቀሉ የሚያረቧት እሷን ነው። ሣጥን ውስጥ የምትኖር እርግብ ጎረቤት ናት፤ ከሰው ጋር የሚያገናኛት እህሉ ብቻ ነው። ከቤቱ ውስጥ የምትገባው ብዙ ጊዜ በአደጋ ነው። ከጎጆ የወደቀች ጫጩት ትገኛለች፣ ወይም ድመት ክንፏን ሰብሯት ትተርፋለች፤ አንዱ ልጅ «እስክትድን» ብሎ ያስገባታል። እሷም ትድናለች፣ ልጁም መልቀቁን ይረሳዋል።

ነገሩ እንዲገባን መጀመሪያ የራሳቸውን ትዳር እንይ። ወንዱ አንገቱን ነፍቶ፣ ጅራቱን መሬት ላይ እየጠረገ፣ እየዞረና እየሰገደ ያንጎራጉራል። ሴቷ ካልጣላት ቀረብ ብላ ምንቃሯን ምንቃሩ ውስጥ ትከታለች፤ እሱም ያጎርሳታል። ፈረንጆች ይህን መሳሳም ይሉታል። እኛ ግን ከዚህ የሚቀርብ ቃል አለን፦ ጉርሻ ነው፤ የሙሽሮች ጉርሻ። ከዚያ ወንዱ ጭራሮ አንድ በአንድ እያመላለሰ ያቀብላል፣ እሷ ተቀምጣ ከሥሯ ትደረድራለች። ሁለት እንቁላል ትጥላለች። ለ18 ቀን ያህል በፈረቃ ይታቀፋሉ፤ ፈረቃውም የማያወላዳ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ እስከ ማምሻው ወንዱ ይተኛበታል፣ ሌሊቱንና ማለዳውን ሴቷ። ቀን ላይ ታቅፋ ያገኛት ሰው «እናትየዋ» ቢል አብዛኛውን ጊዜ ተሳስቷል፤ አባትየው ነው።

ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ የሚሆነው ከሁሉም ይገርመኛል። የሁለቱም ወላጆች አንገት ሥር ያለው የእህል ከረጢት፣ የወንዱም ጭምር፣ እንደ አይብ ፍርፍር ያለ በፕሮቲንና በስብ የበለጸገ ምግብ ያመነጫል። ይህን የሚያዘው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ነው፤ የሰው እናት ጡቷ ወተት እንዲይዝ የሚያደርገው ያው ነው። ዓይናቸው ያልተገለጠ ጫጩቶች ምንቃራቸውን የወላጅ አፍ ውስጥ ከትተው ይህንን ይመገባሉ፤ እህሉ የሚቀላቀልላቸው ቀስ በቀስ ነው። አባት የሚያጠባበት ቤት ብንለው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

እንግዲህ እንዲህ ለትዳር የተሠራች ወፍ ብቻዋን ከሰው ጋር ብትዘጋ ምን ታደርጋለች? አሜሪካዊው ዋላስ ክሬግ እ.ኤ.አ. በ1914 ያሳተመው ጥናት መልስ አለው። ከወገኖቻቸው ለይቶ ያሳደጋቸው ወንድ ዋኖሶች ሲጎለምሱ ሌላ ወፍ አይተው ስለማያውቁ ለሰው፣ በተለይም ለሰው እጅ፣ ይሰግዱና ያንጎራጉሩ ጀመር። እህሉን የሚያመጣውም፣ የሚነካውም፣ የሚንቀሳቀሰውም እጅ ስለነበር ሙሽራ አድርገው የያዙት እጁን ነው። ዛሬም ቤቱ ብቸኛ እርግብ ያለው ሰው ይህን ያያል፦ ምንቃሯን በጣቶቹ መሃል እየወሸቀች ጉርሻ ትጠይቃለች፣ ፀጉሩን በምንቃሯ ታበጥራለች፣ ጠረጴዛ ላይ የተወ እስክሪብቶ ለጎጆ ይሆናል ብላ ትወስዳለች። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ በክንፏ ትማታለች። ቅናት ማለት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም።

የሴቷ ነገር ከዚህም ይጠልቃል። እንግሊዛዊው ሃሪሰን ማቲውስ እ.ኤ.አ. በ1939 ባወጣው ሥራ ብቻዋን የተዘጋች ሴት እርግብ እንቁላል እንደማትጥል፣ በመስታወት ማዶ ሌላ እርግብ ካየች ግን ያለ ምንም ንክኪ እንደምትጥል አሳየ። ማዶ ያለችው ሴት ብትሆንም ለውጥ የለውም። ከዚያም ይልቅ የሚገርመው፣ የራሷን መልክ በመስታወት ያየችውም ጣለች። ጀርባዋን የሚዳብሳት ሰውም ለሰውነቷ ያንኑ መልእክት ያስተላልፋል። ስለዚህ የቤት እርግብ «ያለ ባል እንቁላል ጣለች» ተብሎ ሲወራ ተአምርም ጥንቆላም አይደለም፤ ባሏ አጠገቧ ቆሞ እየተገረመ ነው።

ይህ ደግሞ ዕዳ ያመጣል። እንቁላሉ ፍሬ የለውም ተብሎ ወዲያው ቢወሰድባት ሌላ ትጥላለች፣ ከዚያም ሌላ፤ ካልሲየሟ አልቆ አጥንቷ እስኪሳሳ። የሚሻለው መተው ነው፤ ሦስት ሳምንት ያህል ታቅፋ፣ እንዳልሆነ ሲገባት ራሷ ትነሣለች። የእንቁላል ቅርፊት አፍልቶ፣ አድርቆና አድቅቆ ከደቃቅ ጠጠር ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ጥርስ ስለሌላት እህሉን የምትፈጨው ጠጠር በያዘው ጡንቻማ ሆዷ ነው። በምግብ በኩል የከሚሴ ሰው አይቸገርም፦ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ማሾ። የእርግብ አርቢዎች በዓለም ዙሪያ ማሾ በውድ ይገዛሉ፤ እዚህ ማሳው ደጃፍ ላይ ነው። ዳቦና ሩዝ ብቻ መስጠት ግን ሆድ መሙላት እንጂ ማብላት አይባልም። የውኃ ዕቃዋም ጠለቅ ያለ ይሁን፤ እንደ ዶሮ አንገቷን ቀና እያደረገች ሳይሆን ምንቃሯን ነክራ እንደ ፈረስ ትስባለች።

ከባዱ ነገር አየሩ ነው። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም፤ በተዘጋ ክፍል ቡና ሲፈላ ከሰሉም እጣኑም ይጎዳታል። በዚያ ሰዓት ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ ነው፣ ብትቀየምም። የሰውም ሳንባ ከእሷ ይጎዳል። ላባዋ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ብናኝ ያራግፋል፤ ከኩሷ ትቢያ ጋር ለዓመታት ሲተነፍሱት አለርጂ የሚያስይዛቸው፣ ሳንባቸው የሚቆስል አርቢዎች አሉ። አስም ያለበት ቤት አይሞክረው። ኩሱን ማጽዳትም የዕለት ሥራ ነው፤ ውጭ አገር የእርግብ ዳይፐር እስከመሸጥ ተደርሷል። ዶሮ ያለው ሰው ደግሞ ሁለቱን አያቀላቅል፤ ፈንግል እርግብንም ይይዛል።

ታውቀናለች ወይ ለሚለው መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ በሆነ የፓሪስ ጥናት ሁለት ሰዎች መናፈሻ ውስጥ እርግቦች ቀለቡ፤ አንዱ ዝም ብሎ ሲያበላ ሌላው ያባርራቸው ነበር። በኋላ ሁለቱም ሲያበሉ፣ ካፖርታቸውን ሲለዋወጡም ጭምር፣ እርግቦቹ አባራሪውን መሸሻቸውን ቀጠሉ። ያዩት ፊቱን ሳይሆን አይቀርም። ሰውም በፊናው በእርግብ ተይዟል። ታላቁ የኤሌክትሪክ ሊቅ ኒኮላ ቴስላ በኒው ዮርክ ሆቴል ክፍሉ የታመሙ እርግቦችን እያስገባ ያስታምም ነበር፤ አንዲቱን ነጭ እርግብ ወንድ ሴትን እንደሚወድ እንደወደዳት ለወዳጆቹ ተናግሯል። እብድ ያሉት አልጠፉም። እሷ ግን ምን ብላ ይዛው እንደነበር ከላይ ላነበበ ሰው ግልጽ ነው።

በከሚሴ አካባቢ እርግብ ክብር አላት። ነቢዩና አቡበክር በሠውር ዋሻ ተሸሽገው ሳለ ደጃፉ ላይ ጎጆ ሠርታ አሳዳጆችን አሳሳተች የሚለው ትውፊት በሙስሊሙ ዘንድ የታወቀ ነው፤ መካ ሐረም ውስጥም አትታደንም። የሃይማኖት ሊቃውንት ለጫጩት፣ ለእንቁላል ወይም ለጓደኝነት ማርባቷን ፈቅደው፣ ለቁማር ማብረሯን ከልክለዋል። የኖኅን እርግብ ደግሞ ክርስቲያኑም ይተርካታል። ሰባኪ ታማኝነቷን ያነሣል፤ እርግብ አርቢ ሲሰማ ግን ጥንዷ መርከቡ ውስጥ እንደነበረ ልብ ይላል።

ይህን የቤልጂየም የውድድር አርቢዎች ጥሩ አድርገው ያውቁታል። ወንዱን ከሚስቱ ለይተው ያቆዩና ለአፍታ አሳይተውት በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀው ይለቁታል፤ ናፍቆቱ ያፈጥነዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 «ኒው ኪም» የተባለች የዚያ አገር እርግብ 1.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጣለች። ይህ ብር ሰኞ ባቲ ገበያ ቢወርድ ስንት ግመል እንደሚነዳበት የባቲ ሰው ያስላው።

ቤቱ ብቸኛ እርግብ ያለው፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚውል ሰው ያለው መፍትሔ አንድ ነው፦ ሁለተኛ እርግብ ማምጣት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠብ ነው፤ ጎን ለጎን በተለያየ ቅርጫት ማቆየት ያስፈልጋል። ከዚያ አንድ ጠዋት ከሁለቱ አንዱ መስገድ ይጀምራል፣ ጉርሻም ይከተላል። እንቁላል ሲጣል ቀድሞ ባለቤት የነበረው ሰው እንደ ልማዱ እጁን ወደ ጎጆው ይዘረጋል። ትናንት ጉርሻ ስትለምነው የነበረውን ጣት ዛሬ በክንፏ ጥፊ ትለዋለች። እሱም ማሾውን ራቅ አድርጎ አስቀምጦ እጁን ይሰበስባል።